በስልሳ አራት ዓመቴ፣ በብስክሌት እስከ ቲያ ድንጋዮች

«አባዬ፣ ብቻህን? በዚህ ዕድሜህ? ያውም በብስክሌት?»

ይህን ያለኝ የበኩር ልጄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እኔ በረንዳው ላይ ብስክሌቴን ገልብጬ ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባሁ ነው። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ደግሞ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ የኋላ ጎማውን በጣቱ ያሽከረክራል። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ «አያቴ፣ እኔስ ከኋላ ልቀመጥ?» የሚል።

ለልጅ ልጄ «ሌላ ጊዜ» አልኩት። ለልጄ ግን የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ «ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።» እውነቱን ለመናገር ሦስቱንም ጥያቄዎቹን አልመለስኩለትም። ውድ አንባብያን፣ መልሱን የምነግራችሁ ከመንገዱ ጋር አያይዤ ነው፤ እኔም ያገኘሁት እዚያው መንገድ ላይ ነውና።

መንገዱ ከዓለም ገና ተገንጥሎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከመልካ ቁንጡሬ ተነስቼ አዳዲ ማርያምን ተሳልሜ ቲያ ለመድረስ ነበር ሐሳቤ። ለጉልበተኛ ብስክሌተኛ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ግን ውድድር ላይ አልነበርኩም።

ብስክሌትና እኔ

በ1975 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ የመጀመሪያ ምደባዬ ከዚሁ መንገድ ብዙ በማይርቅ ገጠር ነበር። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ነበረች። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን ከተጀመረ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ያኔ የምንከላከላቸው በሽታዎች ስድስት ነበሩ፦ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ዘጊ አንዳ፣ የልጅነት ልምሻና ሳንባ ነቀርሳ። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጌ፣ ከብስክሌቱ ኋላ በገመድ አስሬ፣ በኮረኮንቹ ላይ እየዘለልኩ ከገበያ ገበያ፣ ከቀበሌ ቀበሌ እዞር ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ስላለብኝ ግራ ቀኝ ማየት አላውቅም። በዚያ ምድር ላይ ሦስት ዓመት ስመላለስ ቲያን አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም። ድንጋዮቹን ከሩቅ እያየሁ «አንድ ቀን» እያልኩ አልፍ ነበር።

«አንድ ቀን» የምትለው ቃል በቤቴም ብዙ ዋጋ አስከፍላኛለች። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ጡረታ የወጣሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ባለቤቴ አረፈች። ከተዝካሩ በኋላ ቤት ተቀመጥኩ፤ ቴሌቪዥን፣ እንቅልፍ፣ ጨው የበዛበት ሹሮ፣ እንደገና እንቅልፍ። አንድ ቀን ደረጃ ስወጣ ልቤ ሲመታ ተሰማኝና ግፊቴን ለካሁ፤ 165 በ 100 ነበር። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረልኝ፤ ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ አለኝ። እኔ ለስንት ሰው ስደጋግም የኖርኩትን ቃል ሲነግረኝ እንደ አዲስ ሰማሁት።

ጉልበቴ ሩጫ አይችልም፤ ረጅም እግር ጉዞም ያሳብጠዋል። ብስክሌት ግን የሰውነትን ክብደት ኮርቻው ስለሚሸከም ለመገጣጠሚያ የዋህ ነው። ያገለገለ ባለ ማርሽ ብስክሌት ገዛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በሰፈራችን ዙሪያ አሥር ደቂቃ፣ በወሩ ሠላሳ ደቂቃ፣ በዓመቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል መንዳት ቻልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ወደ ሁለት መቶው ስደርስ ነው ልቤ ወደ ድሮው መንገዴ የሸፈተው።

የአዋሽ ዳር ሕፃን

ከአዲስ አበባ እስከ ዓለም ገና ያለው የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ጀግንነት አላማረኝም። ብስክሌቴን የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜ እስከ መልካ ቁንጡሬ በመኪና ሄድኩ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአዋሽ ድልድይ አጠገብ ወረድኩ። ረዳቱ ብስክሌቱን ሲያወርድልኝ «አባባ፣ ለልጅዎ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» ስለው ለሹፌሩ ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁ። በክፋት አልነበረም።

«መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። አዋሽ እዚህ ገና ልጅ ነው፤ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ውስጥ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ መንገድ ይቀረዋል። ሰው ይህን መሻገሪያ ያወቀው ዛሬ አይደለም። ቦታው ለሳይንስ የታወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ጄራርድ ዴከር በተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት መራ። መልካ ቁንጡሬና አጠገቡ ያለው ባልጩት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ሙዚየሙ ክብ ጎጆ ቤቶች ናቸው። የድንጋይ መሣሪያዎቹንና የእንስሳቱን አጥንት ቀስ ብዬ አየሁ። እግሬን ያሰረው ግን የአንድ ሕፃን ነገር ነው። ጋርባ ከሚባለው የቁፋሮ ቦታ የተገኘ የመንጋጋ ስባሪ አለ፤ ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው ሕፃን መንጋጋ ነው። ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነና ሆሞ ኢሬክተስ ከሚባለው ጥንታዊ የሰው ዘር እንደሚመደብ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። ይህን የለዩት ከወተት ጥርሶቹ ሥር ገና ያልወጡትን ቋሚ ጥርሶች በረቂቅ የራጅ ምርመራ አይተው ነው።

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ግን የስንቱን ሕፃን አፍ ከፍቼ አይቻለሁ! ሁለት ዓመት ተኩል ማለት እናቱን በስም የሚጠራ፣ ከእጅ አምልጦ የሚሮጥ፣ መንጋጋ ጥርሱ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ልጅ ነው። ይህም ሕፃን የሚያባብለው ሰው ነበረው ብዬ አሰብኩ።

ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ ደግሞ የእግር ዱካ ተገኝቷል። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት፣ በውኃ ዳር ጭቃ ላይ፣ አዋቂዎችና ልጆች፣ ከእነሱም ጋር ጉማሬና ሌሎች እንስሳት ረግጠው ያለፉበት ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ሸፍኖ አቆየው። ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች እግር አለበት። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲመትሩ ልጆቹ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ልጅን ሥራ ቦታ ይዞ መዋል የእኛ እናቶች የፈጠሩት አለመሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

ባልጩት

ከሙዚየሙ ስወጣ ከመሬት ላይ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አየሁ። አላነሳሁትም፤ ከቅርስ ቦታ ጠጠርም አይነሳም። ሁላችንም የምናውቀው ባልጩት ነው። የጥንቱ ሰው ቢላ ያደርገው ነበር። በአገራችን ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተጠቅመውበታል።

እኔን ያስታወሰኝ ግን የክሊኒኬን ዘመን ነው። በገጠር እትብት በምን ይቆረጥ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በተገኘ ስለት ነው። በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት መጥባት ያቆማል፣ መንጋጋው ይገጥማል፣ ሰውነቱ እንደ ደጋን ይወጠራል። መንጋጋ ቆልፍ ነው። ያቀፍኳቸውን አልረሳም። በዚህ ምክንያት ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጠውን መርፌ ይዤ ስዞር «የሚያመክን ነው» ተብሎ ተወርቶብኝ ከመንደር ተባርሬ አውቃለሁ። በማግሥቱ ተመልሼ እሄድ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻችሁ እናቶች ያንን መርፌ ሲወጉ ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ ሲረሳ ደስ ይለኛል።

ወደ አዳዲ ማርያም

ከመልካ ቁንጡሬ አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ በስተቀኝ የሚገነጠል የአፈር መንገድ አለ። አዳዲ ማርያም ወደ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ትገባለች። የጤፍ አጨዳ ላይ ነው የደረስኩት። በግራም በቀኝም ነዶ ተከምሯል፤ አልፎ አልፎ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስዞር የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር የምሄደው። ሰላምታውን ሳልመልስ ያለፍኩት ሰው አልነበረም። አንዲት ከገበያ የምትመለስ ሴት አህያዋን እየነዳች እኩል ሄድንና፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ስለ ጤፉ ጠየቅኋት፤ በአማርኛ «ዘንድሮ ደህና ነው» አለችኝ። በመኪና ብሄድ ይህችን ሴት አላገኛትም ነበር።

አጋማሹ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። መለዋወጫ ካላማዳሪና መንፊያ ይዤ ነበር፤ ጎማውን ከቸርኬው ለማውጣት ግን ጣቴ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለኝ። ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች መጥተው አዩኝ። ትልቁ ምንም ሳይል ብረቱን ከእጄ ተቀብሎ በሁለት ደቂቃ አወጣው። ቀያሪው እሱ፣ ነፊው ታናሹ፣ እኔ ያዥ ሆንኩ። ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ፤ ሲገፋፉ ቆይተው «አንድ ጊዜ እንንዳው» አሉኝ። ነዱት። እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ውኃዬን ጠጣሁ። የሚረዳ ሰው ሲመጣ እጅን መልቀቅ መቻል የእርጅና ትምህርት ነው። እኔ ገና አንደኛ ክፍል ላይ ነኝ።

አዳዲ ማርያም ከሩቅ አትታይም። ከአለት ተፈልፍላ ወደ መሬት የገባች ስለሆነች ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፤ ዙሪያዋ በተቆረጠው ጠባብ መተላለፊያ ወርደው ነው የሚገቡት። የአካባቢው ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል፤ ንጉሡ ወደ ዝቋላ ሲሄድ አሠራት ይባላል። ከአገራችን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል በደቡብ ጫፍ ከሚገኙት አንዷ ናት፤ ዛሬም ይቀደስባታል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ላይ የመጥረቢያው ምት ይዳሰሳል። ያን አለት እየፈለፈሉ ያወጡት እጆች ምን ያህል ቆስለው ይሆን ስል አሰብኩ፤ የነርስ ሐሳብ ነው መቼም።

እዚያው አጠገብ ከአንዲት እናት ቡና ጠጣሁ። አርባ ዓመት አልፏታል። ስኒውን ስታቀብለኝ ክንዷ ላይ ክብ ጠባሳ አየሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ ነው። «የት ተከተብሽ?» አልኳት። «ሕፃን እያለሁ ነው፤ እናቴ በብስክሌት የሚመጣ ሐኪም ነበር ትለኝ ነበር» አለችኝ። በዚያ ዘመን በብስክሌት የምንዞር ብዙ ነበርን፤ እኔ ነኝ ብዬ መናገር አልደፈርኩም። ሁለተኛ ስኒ ጠይቄ ዝም ብዬ ጠጣሁ።

የሌሊቱ ስልክ

የአዳዲውን መንገድ ተመልሼ፣ ለመን ከተማ የደረስኩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በሦስተኛው ዳገት ላይ ወርጄ እየገፋሁ ነበር። ከመንገዱ ዳር አነስተኛ አልጋ ቤት ተከራየሁ፤ እግሬን በሞቀ ውኃ ነክሬ፣ ቀለል ያለ እራት በልቼ፣ ግፊቴን ለካሁ። 132 በ 84። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ደወለ።

«ደረስክ?»

«ደርሻለሁ።»

«መድኃኒትህን ወሰድክ? ለካህ?»

ቁጥሩን ነገርኩት። ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? እንዳትቀየመኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«የእማዬን ለምን አልለካህም?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ባለቤቴ መምህርት ነበረች። ከማረፏ በፊት ባሉት ወራት ማታ ማታ ራሷን ያማት ነበር። «የፈተና ወረቀት ነው» ትላለች፤ እኔም ማስታገሻ እሰጣታለሁ። የግፊት መለኪያዬ ከአልጋችን ሥር ሳጥን ውስጥ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ አውጥቼ እለካለሁ፤ ለዕድርተኛው ሁሉ ለክቻለሁ። እሷን ግን «አንድ ቀን እለካታለሁ» እል ነበር። በመጋቢት ወር አንድ ማለዳ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ንግግሯ ተኮላተፈ። ሆስፒታል ስንደርስ 210 በ 120 ነበር። በጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። በአራተኛው ቀን አረፈች።

«እንደ ሚስቴ እንጂ እንደ በሽተኛ አይቻት አላውቅም» አልኩት። «ይህ ሰበብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአልጋው ሥር ነበር፤ እጄን ዘርግቼ አላወጣሁትም።»

ልጄ ሲያለቅስ ሰማሁት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ።

«እኔም እኮ አውቅ ነበር። ራሴን ያመኛል ስትለኝ፣ አባዬ ቤት አለ፣ እሱ ያውቃል ብዬ ተውኩት። አንተን ስወቅስ የኖርኩት ራሴን መውቀስ ስላቃተኝ ነው።»

እኔ እርሱ በእኔ ተቆጥቷል ብዬ እሸሸው ነበር። እርሱ ደግሞ የራሱን ሸክም ብቻውን ይዞ ነበር። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ መሶብ እየበላን ያልተነጋገርነውን በስልክ ተነጋገርን። ምናልባትም ፊት ለፊት ስላልተያየን ይሆናል። ሲጨርስ «ነገ ከቲያ እንዳትንቀሳቀስ፤ ልጁን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

የወጣቶቹ መቃብር

በማግሥቱ ጠዋት መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ሶዶ ጉራጌ ምድር ስገባ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ይታይ ጀመር። ቲያ ከአዲስ አበባ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌቴን ከአጥሩ አስደግፌ፣ አርባ ዓመት «አንድ ቀን» ያልኩትን ቦታ ረገጥኩ።

ቲያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከሶዶ ብዙ የድንጋይ ሐውልት ቦታዎች አንዱ ነው። 36 ሐውልቶች አሉት፤ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። አብዛኛው ቅርጽ ጎራዴ ነው፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት፣ በሌላው አምስትና ከዚያ በላይ። ክብ ምልክትና እንደ ተክል ቅጠል የተዘረጋ ምልክትም አለ። ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይለዋል፤ ነገር ግን መቃብሮቹ ከኢማም አሕመድ ዘመን የቀደሙ ናቸው።

ልጄና የልጅ ልጄ ከቀትር በፊት ደረሱ። ልጄ ከመኪናው ወርዶ አቀፈኝ፤ ብዙ አልተናገረም። ትንሹ ጎራዴ መቁጠር ጀመረ። አስጎብኚው ቁጥሩ ሟቹ በጦርነት የጣላቸውን ጠላቶች ያመለክታል ተብሎ እንደሚታመን ነገረው።

«አያቴ፣ ሽማግሌዎች ነበሩ እንዴ?» አለኝ የልጅ ልጄ።

አስጎብኚው መለሰለት፤ በቁፋሮ የተገኙት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ናቸው። የተቀበሩትም ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው፣ ሕፃን በእናቱ ማሕፀን እንደሚተኛው ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና «አያት አልነበራቸውም?» አለ።

ነበራቸው። ድንጋዩን ያቆሙላቸው የቀሩት ሽማግሌዎችና አባቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ለልጅ ልጄ ግን «አያት ያልነበረው ሰው የለም» ብቻ አልኩት። ልጄ ሰምቶኝ ዘወር አለ።

ቤት ስንመለስ

ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭነን ተመለስን። እንደገባን ሳጥኑን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ልጄን «ተቀመጥ፤ አምስት ደቂቃ ዝም በል፤ እግርህን አታነባብር» አልኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሞት አያውቅም፤ ኳስ ይጫወታል። 150 በ 96። ደግሜ ለካሁ፤ 148 በ 96። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንትም ስንለካው ከ140 በ 90 አልወረደም። ሐኪም አየው፤ አሁን ሕክምናው ላይ ነው። እናቱም አባቱም ግፊት ያለባቸው ልጅ የራሱ የመያዝ ዕድል ከፍ ይላል። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ለራሴ ልጅ ግን አልተናገርኩም ነበር።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ሁላችሁም ብስክሌት ግዙ አልላችሁም። ነገር ግን ለመንቀሳቀስ ላሰባችሁ ከልምዴ ጥቂት ላካፍል።

መድኃኒት የምትወስዱ፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በደረት ላይ የመጫን ስሜት፣ ማዞር፣ ከልክ ያለፈ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሙና እርዳታ ፈልጉ።

ልኩን ማወቂያው ቀላል ነው፤ እየነዱ ወይም እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነዎት። ማውራትም ካቃተዎት ቀዝቀዝ ይበሉ።

የብስክሌቱ ኮርቻ ከፍታ ጉልበትን ይጠብቃል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ይጎዳል። ሄልሜት፣ ከሩቅ የሚታይ ልብስ፣ ውኃ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪና ቻርጅ የተሞላ ስልክ አይለዩዎት። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የትና መቼ እንደሚደርሱም ለቤተሰብ ይንገሩ። ብቻ መሄድ ማለት ሳይናገሩ መሄድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ራስ ምታት እስኪመጣ አትጠብቁ። ቤታችሁ መለኪያ ካለ ለጎረቤት ከማውጣታችሁ በፊት ከጎናችሁ የሚተኛውን ሰው ለኩ። ከሌለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

አሁን በቤታችን እሑድ ከቁርስ በፊት የመለኪያ ሰዓት ነው። ጸሐፊው የልጅ ልጄ ነው። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሯል፤ የእኔ፣ የአባቱ፣ የእናቱና የራሱ። «የልጅ ግፊት አሁን አያስፈልግም» ብለው እምቢ አለኝ። ስለዚህ በእሱ ዓምድ ሥር በየሳምንቱ የሚጽፈው ብስክሌት የነዳበትን ደቂቃ ነው። ባለፈው እሑድ አርባ ደርሷል። ቲያ ድረስ ከኋላ ሳይሆን በራሱ ብስክሌት ሊሄድ እንዳሰበ ነግሮኛል። እኔም «አንድ ቀን» አላልኩትም፤ ቀኑን በደብተሩ ላይ ጻፍንለት።